ከዘመቻ እስከ በጎ ፈቃድ፦ የወጣቶች አገልግሎት በዓባይ ግራና ቀኝ

በአሶሳ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች የብዙዎቹ ስም በቁጥር ያልቃል፤ አምባ 14፣ ሰልጋ 22፣ መገሌ 33። ዓባይን ተሻግሮ መተከል ለገባ ሰውም ፓዌ ላይ የመንደር መታወቂያው ቁጥር ነው። እነዚህን ቁጥሮች የአገሩ ሽማግሌዎች አላወጧቸውም። በ1970ዎቹ ሰፈራ ሲታቀድ ከላይ የተሰጡ ናቸው። ፓዌ ላይ ደግሞ ጎጆዎቹን ከሠሩት እጆች መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እጅ አለበት። ለአገልግሎት ተብለው የተላኩ፣ ብዙዎቹም ለተራበ ወገን መጠለያ እንሠራለን ብለው ከልባቸው ያመኑ ወጣቶች ነበሩ።

የወጣቶች አገልግሎት በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ ያለው ተቋም ነው። ስካውት፣ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ የእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ መሠረተ ትምህርት፣ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት እየተባለ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መልኩን ለውጧል። ስለ እሱ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የተጻፈው ግን ከሚሄደው ወጣት ወገን ነው፤ ወጣቱ ምን እንዳየ፣ ምን እንደተሰማው፣ ተመልሶ እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ። ተቀብሎ ያስተናገደው ገበሬ፣ ቋንቋውን ማንም ያልጠየቀው ሽማግሌ፣ መሬቱ ላይ ጎጆ የተተከለበት ጉሙዝ በታሪኩ ውስጥ ከጥግ ነው ያለው። እኔ ታሪኩን ከዚያ ጥግ ተነሥቼ ማየት እፈልጋለሁ፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን የመረጥኩትም ስለዚህ ነው።

መነሻው ስካውት ነው። ሮበርት ቤደን ፓወል የተባለው እንግሊዛዊ ጄኔራል እ.ኤ.አ. በ1907 ብራውንሲ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ የሀብታምና የሠራተኛ ልጆችን ቀላቅሎ ድንኳን ካሳደራቸው በኋላ ሐሳቡ በጥቂት ዓመታት ዓለምን አዳረሰ። በአዲስ አበባም ከጣሊያን ወረራ በፊት ስካውቶች ነበሩ። ከነፃነት በኋላ እንቅስቃሴው እንደገና ቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለም ስካውት ድርጅት የኢትዮጵያን ማኅበር በአባልነት ተቀበለ። ለከተማ ልጅ ስካውት ብዙ አስተምሯል፤ ቃል መጠበቅን፣ ቁስል ማሰርን፣ ለማያውቁት ሰው መታዘዝን። ይሁንና ስካውት የትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤት በሌለበት እሱም የለም። በንጉሡ ዘመን አሶሳ የወለጋ ጠቅላይ ግዛት የመጨረሻ ምዕራባዊ አውራጃ ነበረች፤ መተከል ደግሞ የጎጃም ቆላ። ዘመናዊ ትምህርት ወደ ሁለቱም የደረሰው ዘግይቶና በጣም ተቆጥቦ ነው።

ሰው ግን የደጋውን መንግሥት በሌላ መልኩ ቀድሞ ያውቀው ነበር። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ዘምተው የቤኒሻንጉል ሼኮችን ለዐፄ ምኒልክ ካስገበሩ በኋላ የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አልሐሰን በወርቅ ግብር የታወቁ ገዥ ሆኑ። ከወርቁ ጎን ለጎን የባሪያ ፍንገላ ነበር። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የማኦና የኮሞ ቤተሰቦች ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ምን ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ከአያቶቻቸው ሰምተው ያደጉ ናቸው። ካኪ የለበሰ ተማሪ በመንደር ሲታይ ልጆች ለምን ወደ ጫካ ይሮጡ እንደነበር ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከስካውት ቀጥሎ የመጣው ትልቁ እርምጃ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 የትምህርት ዘመን ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ደነገገ። በዚያ ዘመን በአፍሪካ እንዲህ ያለ ግዴታ የጣለ ዩኒቨርሲቲ እምብዛም አልነበረም። ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ይመደባል፤ የሚበዙትም አስተማሪዎች ይሆናሉ፤ ምክንያቱም የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች የመምህር ረሃብ ነበረባቸው። ይህ ዝግጅት ብልህ ነበር ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ ዓመት ሙሉ ነው፤ ዓመት የክረምቱንም የበጋውንም ኑሮ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ሥራው የታወቀ ነው፤ ትምህርት ቤቱ መምህር ጠይቆ መምህር ይላክለታል። ሦስተኛ፣ ወጣቱ ብቻውን ወይም ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ስለሚሄድ ጎረቤት መልመድ ግድ ይሆንበታል። የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ቡና ይጠራል፣ ለቅሶ ይደርሳል።

በውጤቱ ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ተከተለ። የገባር ልጅ ጫማ ሳይኖረው ሲማር፣ ጭሰኛው የምርቱን እኩሌታ ሲያስረክብ ያየ ተማሪ ወደ ስድስት ኪሎ ሲመለስ ያው ሰው አልነበረም። «መሬት ለአራሹ» የተባለው ሰልፍ በየካቲት 1957 ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ አገልጋዮች ገና በየክፍለ ሀገሩ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚመለሰው ተማሪ ግን ለእንቅስቃሴው ስንቅ ይዞ ነው የሚመጣው። ዙፋኑ በራሱ ዩኒቨርሲቲ በኩል አገሪቱን ለልጆቿ አሳያት ማለት ነው።

የደርግ ዘመቻ ከዚያ ልምድ ተወለደ። ወታደሮቹ ሥልጣን በያዙ በወራት ውስጥ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር በየክፍለ ሀገሩ ወደተከፈቱ ጣቢያዎች ወጡ። የዩኒቨርሲቲ በር ተዘጋ። አንድ ሙሉ ትውልድ በአንድ ጊዜ ወደ ገጠር ሲወጣ ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም። ደርግ በዚህ ሁለት ነገር አገኘ፤ አብዮቱን ወደ ገጠር የሚያደርስ መልእክተኛና ሰልፈኛ የሌለባት አዲስ አበባ። ሁለተኛውን ተማሪዎቹም ያውቁት ነበር፤ ከመነሻው ያጉረመረሙትም ስለዚህ ነው።

ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት የሚያደርገው አዋጅ ታወጀ። የዘማቹ ሥራ ከፊደል ወደ መሬት ዞረ። የገበሬ ማኅበር ማቋቋም፣ መሬት መለካት፣ ባላባቱን ከጭሰኛው መዳኘት የሃያ ዓመት ልጅ ተግባር ሆነ። በደቡብና በምዕራብ ለኖረ ጭሰኛ ይህ እውነተኛ ነፃነት ነበር፤ ይህን የሚክድ ሰው የዚያን ዘመን ገበሬ አላነጋገረም።

በጉሙዝ አገር ግን አዋጁ የሚለካው ነገር አልነበረም። አዋጁ አንድ የገበሬ ማኅበር በ800 ሄክታር ላይ እንዲመሠረት፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰውም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ይላል። በዓይነ ኅሊናው ያለው ድንበሩ የታወቀ ማሳ የያዘ የደጋ አራሽ ነው። ለዘላኖችም የራሳቸው ክፍል ነበራቸው። ጉሙዙ ግን ከሁለቱም አይደለም። ጫካ መንጥሮ፣ አቃጥሎ፣ በመቆፈሪያ ማሽላ ይዘራል፤ መሬቱ ሲደክም ትቶት ወደ ሌላ የጎሣው ቦታ ይሄዳል፤ የተተወው ዱር ሆኖ ለዓመታት ሲያርፍ ቆይቶ ይመለስበታል። በዚህ ሥርዓት ዛሬ ሰው የማይታይበት ደን የአንድ ጎሣ የነገ ማሳ ነው። አዲስ ለመጣ ሰው ግን ባዶ መሬት ይመስላል። የሚያሳዝነው፣ የዚህ አገር ታሪክ የተበላሸው በዚያች አንዲት የእይታ ስሕተት መሆኑ ነው፤ ዋጋውም ዐሥር ዓመት ቆይቶ ተከፈለ።

ዘመቻው በብዙ ቦታ ከደርግ ጋር ተጋጭቶ፣ ዘማቾች እየኮበለሉ፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን እያጡ በ1968 አበቃ። ስካውት ደግሞ ከአብዮቱ ጋር ተበተነ፤ ቦታውን የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ያዘ። ወጣት ሆኖ ከማኅበሩ ውጪ ማገልገል ማለት ከአብዮቱ ውጪ መቆም ተደርጎ ተቆጠረ።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከሁሉም ይልቅ ለሰፊው ሕዝብ የደረሰ ነው። ተማሪ፣ መምህር፣ ወታደር፣ የቢሮ ሠራተኛ ሳይቀር ያስተማረበት ነበር፤ አያት ከልጅ ልጇ ጋር በኩራዝ ብርሃን ፊደል ቆጥራበታለች። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በሽልማት አክብሮታል። የመማሪያ መጻሕፍቱ በአማርኛ ብቻ አለመታተማቸው በዘመኑ ትልቅ ድፍረት ነው። መጀመሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛ ተጀመረ፤ ከዚያ ሐዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ጌድኦኛ፣ ሲዳምኛ፣ ስልጥኛ፣ አፋርኛ፣ ከፊኛ፣ ትግረ፣ ኩናማና ሳሆ ተጨመሩ። በጠቅላላው 15 ቋንቋ፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል።

ዝርዝሩን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ የበርታ ቋንቋ የለበትም። ጉሙዝኛም፣ ሽናሽኛም፣ ማኦኛና ኮምኛም የሉበትም። ዛሬ የክልሉ ነባር ሕዝቦች ተብለው በሕገ መንግሥት ከተጠቀሱት አምስቱ አንዳቸውም በገዛ ቋንቋቸው ከመሃይምነት አልወጡም። አሶሳ ገጠር ውስጥ አንዲት የበርታ እናት ከፊደል ገበታው ፊት ስትቀመጥ ፊደሉን ከመማሯ በፊት የፊደሉን ቋንቋ መማር ነበረባት። አስተማሪዋ ቢሻው ቅን ይሁን፣ ቢሻው ሌሊቱን ሙሉ ይድከም፣ የሚያስተምረው መጽሐፍ ለእሷ አልተጻፈም። የበርታ፣ የጉሙዝና የሽናሻ ቋንቋዎች የትምህርት ቤት መጽሐፍ ሆነው በመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች የተሞከሩት ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2000ዎቹ፣ በላቲን ፊደል ተጽፈው ነው። ይህን ሥራ የሠሩት የክልሉ ትምህርት ቢሮና የቋንቋው ተወላጅ መምህራን ከቋንቋ ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው ነው። ቀስ ያለ ሥራ ስለሆነ የሰልፍ ባንድ አልታጀበውም፤ በእኔ ሚዛን ግን በዚህ ክልል ከተሠሩ የአገልግሎት ሥራዎች ሁሉ ይከብዳል።

አሁን ወደ ፓዌ እንምጣ። የ1977ቱ ረሃብ ወሎን፣ ትግራይንና ሰሜን ሸዋን ሲፈጅ መንግሥት አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ አሰፍራለሁ ብሎ ተነሣ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተጓጓዘ። ከዚህ ውስጥ ወደ 82 ሺህ የሚሆነው የደረሰው መተከል፣ የበለስ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ ከሌላም። አሶሳ አካባቢ ደግሞ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ከ1971 ወዲህ የጀመረው ሰፈራ ስለነበር በዚያ ላይ ተጨመረበት።

ሰፋሪው ሲመጣ ቤት ይፈልጋል። በ1977 ክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ዘምተው ጎጆ እንዲሠሩ ታዘዙ። ወሩ ዝናብ ነው፤ ቆላው የወባ አገር ነው፤ ብዙዎቹ እንጨት ሲቆርጡ የመጀመሪያቸው ነበር። አንድ የፍልስፍና ተማሪ ማገር ሲያስር፣ አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ ሣር ስትሸከም ማሰብ አይከብድም። ከጎናቸው የቆመው ሰፋሪ ልጁን በመጠለያ ቀብሮ የመጣ ሰው ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰዓት እጁን አጣጥፎ የሚቆም ወጣት ከየት ይመጣል? እነዚያን ተማሪዎች የምወቅስበት አፍ የለኝም።

የሚወቀሰው ያሰማራቸው ዕቅድ ነው። ደሳለኝ ራህመቶ፣ ወልደሥላሴ አቡቴና ገብሬ ይንቲሶ ስለ ሰፈራው ያጠኑትን ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ መንደሮቹ የተተከሉበት መሬት ባለቤት ነበረው። ዱር የተባለው ያረፈ ማሳ፣ የአደን ቦታ፣ የማር ዛፍ፣ የአባቶች መቃብር ነበር። ጉሙዞች ሳይጠየቁ፣ ካሣም ሳይከፈላቸው ወደ ዳር ተገፉ። ግጭት ተነሣ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ሰፋሪውም አልተመቸውም፤ ወባ ፈጀው፣ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ በሬውን ጨረሰበት፣ ብዙው በሌሊት እየጠፋ በእግሩ ወደ አገሩ ለመመለስ ሞከረ። የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የሰጠበት፣ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ የያዘው የጣና በለስ ፕሮጀክት በ1978 አካባቢ ትራክተርና ሆስፒታል ይዞ ሲመጣ ለሰፋሪው ሕይወት ትንሽ ቀለለ፤ ደኑ ግን በዚያው ልክ ተመነጠረ። መንግሥት በ1983 ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ቆመ፤ ሰዎቹና የመንደር ቁጥሮቹ ቀሩ።

ከዚህ ውስጥ የወጣቶች አገልግሎት የሚባለው ተቋም የሚማረው ካለ፣ እኔ የማየው ይህን ነው፦ ከ1957 እስከ 1977 ባሉት ሃያ ዓመታት የተላከው ሰው እየበዛ፣ የሚቆይበት ጊዜ እያጠረ፣ የተቀባዩ ድምፅ እየጠፋ ሄደ። አንድ መምህር ለአንድ ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት ከሚላክበት ሥርዓት ተነሥቶ ሺዎች ለአንድ ክረምት ወደማያውቁት ደን ወደሚጫኑበት ትዕዛዝ ደረሰ። መጀመሪያ ላይ ጠያቂ ነበር፤ መጨረሻ ላይ አዛዥ ብቻ ቀረ።

ከ1983 በኋላ አሶሳ የወለጋ፣ መተከልም የጎጃም መሆናቸው ቀርቶ ዓባይ መሐል ለመሐል የሚከፍለው አንድ ክልል ሆኑ። ዋና ከተማው አሶሳ፣ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ሆነ። የ1999ኙ ቆጠራ 784,345 ሰው አገኘበት፤ በርታው ሩብ ያህል፣ ጉሙዙና አማራው እያንዳንዳቸው አምስተኛ እጅ ገደማ፣ ከዚያ ኦሮሞው፣ ሽናሻው፣ አገው አዊው። በእንዲህ ያለ ቦታ «ከውጭ መጥቶ ማገልገል» የሚባለው ነገር ትርጉሙ ይለወጣል፤ የሰፋሪ ልጅም የአገሩ ልጅ ሆኗል፤ አሶሳ ተወልዶ፣ አሶሳ ተምሮ፣ ከበርታ ጓደኛው ጋር ኳስ ተጫውቶ ያደገ።

ስካውት እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ዓለም ድርጅቱ ተመለሰ። በዚህ ክልል በሚታይ ጉልበት የቆየው የበጎ ፈቃድ ተቋም ግን ቀይ መስቀል ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ለመውረር ስትዘጋጅ ነው፤ ገና ስድስት ወር ሳይሞላው፣ በታኅሣሥ 1928፣ የስዊድን አምቡላንስ መልካ ዲዳ ላይ በጣሊያን አውሮፕላን ተደበደበ። በመንግሥት ለውጥ ሁሉ መሐል ከቆዩት ጥቂት ተቋማት አንዱ ነው። ምሥጢሩ ቀላል ነው ብዬ አስባለሁ፦ በጎ ፈቃደኛው የዚያው ቀበሌ ሰው ነው። ከየትም አይጫንም። የትኛው መንገድ በክረምት እንደሚዘጋ፣ የትኛዋ ነፍሰ ጡር ከየትኛው ጎጥ ሆና አምቡላንስ እንደምትጠብቅ፣ የትኛው ሽማግሌ ሲናገር ሰው እንደሚሰማ ያውቃል።

ይህ ዕውቀት ከሁሉ በላይ የተፈተነው በመተከል ነው። ከ2011 ጀምሮ ዞኑን ያመሰው ግጭት ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ንጋት ላይ ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ደረሰ፤ በአንድ ጥቃት ከ200 በላይ ሰው ተገደለ። ሬሳ ሲሰበሰብና ሲቀበር የአካባቢው የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች እዚያ ነበሩ። አስቡት፤ የሚቀብሩት ጎረቤታቸውን ነው፤ የሚያነሡት የሚያውቁትን ፊት ነው። ከዚያ በኋላ በቡለን፣ በዳንጉር፣ በማንዱራ ለተፈናቀለው ሕዝብ ምግብና መድኃኒት ማድረስ ተከተለ። በዚያ ሰሞን አንድ ወጣት የቀይ መስቀል ሰደርያ ለብሶ መንገድ ላይ መውጣቱ ራሱ ነፍስን አስይዞ ነው፤ ገዳይ ማንነትን በሚጠይቅበት አገር «ማን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ «የማንም አይደለሁም፤ ለሁሉም ነኝ» ብሎ መመለስ ነውና። ስለ ዘማቾች ብዙ መጽሐፍ ተጽፏል። ስለ እነዚህ ልጆች ሊጻፍ የሚገባው ገና አልተጀመረም።

በአሶሳ በኩል ያለው ሥራ ሌላ መልክ አለው። የሱዳን ድንበር ቅርብ ስለሆነ ስደተኛ ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም። ሸርቆሌ መጠለያ ከ1989 ጀምሮ አለ፤ ከዚያ ቶንጎ፣ ባምባሲና ጾሬ ተከፈቱ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ የኩርሙክ መግቢያ እንደገና በሰው ተጨናነቀ፤ በ2016 ኡራ የሚባለው መጠለያ ተጨመረ። ከጦርነቱ የሚሸሹ ብዙ ሰዎች ከመንገድ ላይ ልጅ፣ ወንድም፣ እናት ጠፍቶባቸው ይመጣሉ። ቀይ መስቀል ከዓለም አቀፉ ኮሚቴ ጋር ሆኖ በመጠለያዎቹ ውስጥ ስልክ ያስደውላል፣ የጠፋ ዘመድ ያፈላልጋል። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚያስፈልገው ቋንቋ ነው፤ በዚህ በኩል የአሶሳ ልጅ የሚያክለው የለም። የበርታ ሕዝብ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ይኖራል፤ ዓረብኛም የገበያው ቋንቋ ነው። በ1971 ከ15ቱ ዝርዝር የተተወው ቋንቋ ዛሬ ኩርሙክ ላይ የጠፋች እናት የምትጠየቅበት ቋንቋ ነው።

መንግሥትም ወደ አገልግሎት ሐሳብ ተመልሷል። በየዓመቱ የክረምት በጎ ፈቃድ ይታወጃል፤ የአቅመ ደካማ ቤት ይታደሳል፣ ችግኝ ይተከላል። የሰላም ሚኒስቴር በ2013 «በጎነት ለአብሮነት» በሚል የጀመረው ብሔራዊ ፕሮግራም ደግሞ ከዚህ ሰፋ ያለ ነው፤ ወጣቶች ከየክልሉ ተመልምለው ሠልጥነው ከተወለዱበት ውጪ ይመደባሉ። በዚህ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ አንድ ነገር አለ። በንጉሡ ዘመንም ሆነ በደርግ ጉዞው ባመዛኙ ከመሐል ወደ ዳር ነበር፤ አሁን ግን ከካማሺ የተነሣ ጉሙዝ፣ ከመንጌ የተነሣች የበርታ ልጅ ወደ ደጋ ሄደው ሊያገለግሉ ይችላሉ። ደን ሳይጨርስ የሚያርሰውን የአያቱን ዘዴ ማስረዳት የሚችል ሰው ደብረ ማርቆስ ወይም ደሴ ላይ ቆሞ ሲናገር መስማት፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት በነበሩት ዘማቾች እጅ ያልነበረ ዕድል ነው።

ዕድሉ እንዳይባክን ግን ሦስት ነገር መስተካከል አለበት ባይ ነኝ። ምድቡ ከወራት ወደ ሙሉ ዓመት ይመለስ፤ የ1957ቱ ሥርዓት በዚህ ትክክል ነበር። ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመደብ ወጣት ከመሳፈሩ በፊት የበርታን ወይም የጉሙዝን ቋንቋ መጀመሪያ ይማር፤ መጽሐፉ አሁን አለ፣ የሚያስተምረው ሰውም አሶሳ ዩኒቨርሲቲና በየቀበሌው አለ። ሥራውንም ቀበሌው ራሱ ይጠይቅ፤ መንደሩ የውኃ ጉድጓድ ከፈለገ ችግኝ አይጫንበት፣ መምህር ከፈለገ ቀለም ቀቢ አይላክለት። የጥያቄው ደብዳቤ ከአምባ 14 ወይም ከጉባ ተጽፎ ወደ አዲስ አበባ ይሂድ፤ ምደባውም ከዚያ በኋላ ይውጣ።